በር የጠበቅኩባቸው ጠዋቶች

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ተጣልቼ ተመለስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አገር እያየኝ። የወጣሁት ሽንኩርትና ትንሽ ምስር ልገዛ ነበር። በቅቤ ተራ ሳልፍ አንዲት ሻጭ፣ ልጅ ያዘለች ወጣት እናትን፣ «ለሕፃኑ ከሆነ ይኼኛውን ውሰጂ፤ ለማዋጥ እንዲህ ያለ ለጋ አታገኚም» ስትላት ሰማሁ። እግሬ አልሄድ አለኝ። ዞር ብዬ፣ «ለሕፃን ቅቤ አይዋጥም፤ ምን ዓይነት ነገር ነው የምትነግሪያት?» አልኳት። ሻጯ መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት። ኋላ ግን ቅር ብሏት፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ እርስዎ በምን አደጉ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ድምፄ ከፍ አለ። የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ግማሹ አያኮራም።

ምስሩን ሳልገዛ ቤት ገባሁ። ምላሴ ረጅም መሆኑን ደብረ ብርሃን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። የማያውቁት፣ ይህ ምላስ አንድ ጊዜ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ለአምስት ቀን ተቆልፎ እንደነበረ ነው።

ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአንኮበር ወረድ ብሎ ካለ መንደር፣ ከካህናት ቤት ተድሬያለሁ። ባሌ ደምሴ ዲያቆን ነው፤ አባቱ የደብሩ ቄስ ነበሩ፣ እኔ ስገባ ሞተዋል። ቤቱን የሚያስተዳድሩት እናቱ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሴት ነበሩ። እኔ ደግሞ በእናቴ ቤት ሳለሁ «ይቺን ልጅ ማን ያገባታል» ስባል ያደግሁ ነኝ፤ ለአባቴ እንኳ መልስ አላጣም ነበር። የካህን ቤት ስገባ ግን እናቴ መክራ ላከችኝ። አማት ሲናገሩ ምራት አታርምም፤ በእንግዳ ፊት ደግሞ ጨርሶ ትንፍሽ አትልም። ያንን ምክር ቃል በቃል ያዝኩት። ካጠፋሁት ጥፋት ሁሉ የባሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ልጄ ሲወለድ ስሙን እማማ ጥሩነሽ አወጡለት፤ ማስረሻ አሉት። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነገሩኝ። ከደምሴ በፊት ሦስት ልጅ ወልደው፣ ሦስቱም ሳይድሁ በሳል ሞተውባቸዋል። «ለነዚያ ሰስቼባቸው ነው» አሉኝ፣ የማስረሻን እግር እያሹ። «ቤታችን ላም አልነበረም። ያገኘሁትን ቅቤ ጠብታ ጠብታ ነበር የማውጣቸው። ለደምሴ ግን አባቱ ላም ገዛ፤ አጠገብኩት፤ ይኸው ሰው ሆነ።» እንግዲህ ለልጅ ልጃቸው ሊሰስቱ አይችሉም። በየማለዳው ለጋ ቅቤ አቅልጠው፣ ልጁን ጭናቸው ላይ አንጋለው፣ እንዳይተፋ አፍንጫውን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ያንቆረቁሩለታል። ልጁ ይንፈራገጣል፣ ይውጣል፣ ያስለዋል። «አንጀቱን ያለሰልሳል፣ ደረቱን ይጠርጋል» ይላሉ። እኔም አምን ነበር። የማያምን ሰው አላውቅም ነበር።

አራተኛ ወሩን በያዘ በኅዳር፣ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ፣ ሳሉ ጠናበት። አጨዳው ደርሷል፤ ውርጩ ባቄላውን ሳይቀድመው ለማንሣት ሰው ሁሉ ማሳ ውሎ ያድራል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጡት ስሰጠው አልይዝ አለኝ። ልብሱን ገልጬ ሳየው፣ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አፍንጫው ይርገበገባል። ጤና ጣቢያ ወስደነው አንድ መርፌ ወጉትና ወረቀት ጽፈው፣ «ዛሬውኑ ደብረ ብርሃን አድርሱት፤ ነገ አትበሉ» አሉን። ደምሴ እህሉን ለዝናብና ለውርጭ ጥሎ መምጣት አልቻለም። እማማ ጥሩነሽ በሶና ቆሎ ቋጥረው ከእኔ ጋር ወጡ።

ባቄላ የጫነ መኪና አገኘንና ሾፌሩ ሁኔታችንን አይቶ ከፊት አስቀመጠን። የዛን ጊዜው መንገድ ኮረኮንች ነው። የዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ከቁልቁለቱ የወጣው ብርድ በበሩ ቀዳዳ ይገባል፤ የናፍጣውና የእርጥብ ጆንያው ሽታ አንድ ላይ ያጥወለውላል። እኔ የማየው የልጁን ደረት ብቻ ነው። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ትንፋሹ የቆመ ይመስለኛል። እማማ ጥሩነሽ መንገዱን ሙሉ ዳዊት ደገሙ። አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጠው፣ «ሞቅ አድርገሽ ያዢው» አሉኝ።

በሆስፒታሉ የልጆች ክፍል አልጋ ሰጡን፤ ክፍሉ ስድስት አልጋ ነበረው። የኦክስጅን ሲሊንደሩ አንድ ሆኖ በቀጭን ቱቦ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ጫፍ ለማስረሻ፣ ሌላው ጫፍ ጎረቤታችን ለተኛችው ሕፃን። የሕፃኗ እናት ዘይነባ ትባላለች፣ ከአልዩ አምባ የመጣች የነጋዴ ሚስት። ልጇ ኩፍኝ ይዟት ኩፍኙ ሲለቃት ሳንባዋን ያዛት። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ከሩቅ አገር የተመደበ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ያለው። ማስረሻን ጀርባውን አዳምጦ ሲጨርስ ጠየቀኝ።

«ከጡት ሌላ የምትሰጡት ነገር አለ?»

እማማ ጥሩነሽ አጠገቤ ቆመዋል። ከዚያ በፊት የጤና ሠራተኞች በመንደራችን ሲያልፉ ቅቤ የሚያውጡ እናቶችን ተቆጥተው ነበር ይባላል። እሳቸው ቀደም ብለው፣ «ጡት ብቻ ነው ልጄ» አሉ። ሐኪሙ ግን ዓይኑ እኔ ላይ ነው። እውነቱን ብናገር አማቴን በእንግዳ ፊት ውሸታም ማለቴ ነው። «ምንም አንሰጠውም» አልኩ። ሐኪሙም ጻፈው።

መርፌው በየስድስት ሰዓቱ ተጀመረ። ሁለተኛው ቀን አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ፤ ትኩሳቱ ትንሽ ይወርድና ይመለሳል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሁለቴ ለወጠው። የዘይነባ ልጅ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ከፍታ ጡት ጎተተች፤ የእኔው ግን የመጀመሪያ ቀን እንደነበረው ነው። በዚያው ቀን ከደነባ በኩል አንድ አባት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ አመጣ። ሳምንት ሙሉ እቤት አቆይተውት ነበር። አልጋ ላይ ካስተኙት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አረፈ። አባትየው በጋቢው መልሶ ጠቀለለውና ይዞት ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ያለን እናቶች ሁሉ ልጆቻችንን አነሣን፤ ነርሷ «አስተኙአቸው፣ ቱቦው ይወልቃል» ብትለንም አልሰማናትም።

አሁን ልናገረው የሚከብደኝ ጋ ደረስኩ። ጠዋት ጠዋት ነርሶቹ ተረኛ ሲለዋወጡ ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራል። እማማ ጥሩነሽ በብልቃጥ ቅቤ ይዘው መጥተዋል፤ ሙቀት እንዲያቀልጠው ከጉያቸው አይለዩትም። ጾመኛ ናቸው፤ እህል ውኃ የሚቀምሱት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፣ ያም በሶ። ለልጁ ያንን ቅቤ ካዋጡት በኋላ ጣታቸው ላይ እንዳይቀር ግቢው ውስጥ ባለው ቧንቧ በዚያ ብርድ ደጋግመው ይታጠባሉ። «መርፌው ብቻውን አቅም አይሰጠውም» አሉኝ። እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ ነርስ ስትመጣ አስል ነበር። አዎ፣ እኔ ነኝ የጠበቅኩት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛው። ልጁ ቅቤውን በዋጠ ቁጥር ሳሉ እንደሚብስ አይ ነበር። ይህን ለራሴ እንኳ ደፍሬ አልነገርኩትም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ልጁ ትንታ ያዘው። በር ላይ ሆኜ ድምፁን ሰማሁና ዞርኩ። እማማ ጥሩነሽ ቀጥ አድርገው ይዘውት ጀርባውን ይመታሉ፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ብልቃጡን ጉያቸው ከተቱት። እኔ በኮሪደሩ እየሮጥኩ ነርሷን ጠራሁ። መጣች፣ አፉን በመምጠጫ ቱቦ ጠረገችለት፣ ኦክስጅኑን ከፍ አደረገችው፤ ሐኪሙም ደረሰ። ረጅም ጊዜ ቆይቶ ከንፈሩ ቀይ መሆን ጀመረ። ሐኪሙ ግድግዳውን ተደግፎ ልጁን ሲያይ ቆየና፣ «ሁለት ጊዜ መድኃኒት ለወጥኩለት። ሳንባው መድኃኒቱን ለምን እንደማይቀበል አልገባኝም» አለ። «ነገ ወደ አዲስ አበባ ልልከው ነው። መንገዱን መቻሉን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።» ከዚያ እንደገና ጠየቀ፤ «እርግጠኛ ናችሁ? ምንም አልቀመሰም?»

«ምንም» አሉ እማማ ጥሩነሽ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ረፋዱ ላይ እማማ ጥሩነሽ ጠበል ሊያመጡ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በእኛ ጥግ እኔና ዘይነባ ብቻ ቀረን። የማሽላ ቂጣዋን ቆርሳ ሰጠችኝ፤ አልበላሁም። ዓይኗን ከልጇ ሳታነሣ፣

«ከእናንተ አልጋ የሚለየኝ የዚህ ቱቦ ርዝመት ብቻ ነው» አለችኝ። «ያየሁትን አይቻለሁ።»

ማስረሻን ጋቢ ደረብኩለት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አላህን ፍሪ፣ እህቴ። ሐኪሙ እኮ ያላወቀውን ነው የሚያክመው።»

«እሳቸው አማቴ ናቸው» አልኳት። «ልጁን ከእኔ በላይ ነው የሚወዱት። ምን ብዬ ልናገር? ገደሉት ልበል?»

«እሳቸው ሲወዱት አንቺ ደግሞ ስታፍሪ ይሞታል» አለች። «አንቺ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ። ከእናቱ አፍ ቢወጣ ግን ይሻላል።»

ተናደድኩባት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያንን ጊዜ ልመታት ነበር የቃጣሁት፤ እውነት ስለተናገረች። ከዚያ የልጁን ደረት አየሁ። እግሬ ተነሣ። ሐኪሙን መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት፤ አንድ ወረቀት ያነባል። «ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ» አልኩት። የቀረውን እንዴት እንደተናገርኩት አላስታውስም። ይቆጣኛል፣ ምናልባት ያባርረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ከስንት ወሩ ጀምሮ? አፍንጫውን ትይዙታላችሁ? ዛሬ ጠዋትም?» እያለ ጠየቀኝ። ሁሉንም መለስኩ። «ጥሩ አደረግሽ» አለኝ፣ ብዙም ሳያየኝ፤ ወደ ክፍሉ ሲራመድ ግን ሊሮጥ ምንም አልቀረውም።

እማማ ጥሩነሽ የጠበል ጠርሙስ ይዘው ሲመለሱ ሐኪሙ አልጋው ዳር ጠበቃቸው። በርጩማ አቀረበላቸው።

«እናቴ፣ ይቀመጡ። ሕፃን አፍንጫው ተይዞ ሲያለቅስ አየር ይስባል። ቅቤው ያን ጊዜ ወደ ሆዱ አይሄድም፤ ወደ ሳንባው ነው የሚገባው። ሳንባ ቅቤ መፍጨት አይችልም። መርፌውም አያወጣውም።»

እኔን ዘወር ብለው አዩኝ። የማውቀው ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ብልቃጡን ከጉያቸው አውጥተው ሐኪሙ እጅ ላይ አደረጉት። «እኔ ነኝ ያዋጥኩት» አሉ። «እሷ ልጅ ናት፣ ምንም አታውቅም።» በር ስጠብቅ እንደነበርኩ ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ እንደቀልድ፣ የገበያ ወሬ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ሌላ ልጅ ላይም እንዲህ ይሆናል?» ብለው ጠየቁት።

«ብዙ አይተናል» አለ ሐኪሙ። «አንዳንዱ ይተርፋል። ብዙ ጊዜ ሰው ሳል ነው የገደለው ይላል።»

እሱ ምን ያውቃል። እኔ ግን አወቅሁ። ስለሦስቱ ልጆች የነገሩኝ ትዝ አለኝ። ከዚያች ሰዓት በፊት የፈራሁት እሳቸውን ማዋረዴን ነበር። እውነቱ ምን ይዞ እንደሚመጣባቸው አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የከፉ ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ መላኩ ቀረ። ለሳምንት ያህል በአፍንጫው በገባ ቱቦ የታለበ የጡቴን ወተት መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየለካን ሰጠነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ምንም ለውጥ አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ ከሰዓት በኋላ የሲሊንደሩ ቀስት ወደ ዜሮ ወርዶ ምትኩ እስኪመጣ የዘይነባ ልጅ የነበረችበት ጫፍ ተዘግቶ ለእሱ ብቻ ተሰጠ። ዘይነባ ራሷ ነች «የእኔዋ ትችለዋለች» ብላ የፈቀደችው። በሦስተኛው ቀን ከጎድኑ ሥር የሚሰረጉደው ሥጋ ቀስ አለ። በስድስተኛው ጡት ያዘ። ዘይነባ በመሀሉ ልጇን አዝላ ወጣች፤ «አላህ አፊያ ያድርግልሽ» ብላኝ ግንባሬን ሳመችኝ። ዳግመኛ አላየኋትም።

እማማ ጥሩነሽ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ልጁን ለመያዝ አልጠየቁም። ልብሱን ያጥባሉ፣ በሶ ይበጠብጡልኛል፣ ይጸልያሉ። የወጣን ዕለት መኪና ስንጠብቅ፣ ፀሐይ ያረፈባት አንዲት ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣

«እነዚያ ሦስቱስ?» አሉኝ።

የሚሉት ገብቶኛል። «የእርስዎ ልጆች በሽታቸው ሌላ ነው፣ እማማ» አልኩ። «ያን ጊዜ ብዙ ልጅ የሚፈጅ ሳል ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ቅቤውም ጠብታ ነበር ብለውኛል። ጠብታ ምንም አያደርግም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲያ ነው?» አሉ።

«እንዲያ ነው» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ከዚያ ልጁን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ይኸው ነው። ማስረሻ ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት፤ አቀበት ሲወጣ ከሰው ቀድሞ ይደክመዋል እንጂ ደህና ነው። ከእሱ በኋላ ሦስት ወለድኩ፤ እማማ ጥሩነሽ አንዱንም ቅቤ አላዋጡም፤ ነገሩንም ዳግመኛ አላነሡም። ኋላ እኛ ደብረ ብርሃን ስንገባ እሳቸው ደብሩን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። እየተመላለስኩ ጦርኳቸው። በዚያች ድንጋይ ላይ የተናገርኩት ውሸት አሳርፏቸዋል ብዬ ስንት ዓመት በልቤ ኮርቻለሁ።

አምና አረፉ። ለቅሶው ላይ አንዲት የማላውቃት ወጣት ሴት፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ የሥጋ ዘመድ እንኳ በማያለቅሰው አኳኋን ስታለቅስ አየሁና ምናቸው እንደሆነች ጠየቅኋት። «ዝምድና የለንም» አለችኝ። «የወለድኩ ሰሞን በምርኩዛቸው ቤቴ ድረስ መጡ። ቅቤውን ከአማቴ እጅ ተቀበሉና፣ ‘እኔ በዚህ ሦስት ልጅ ገድያለሁ’ አሉን። እኛ መንደር ብቻ አይደለም፤ አራስ አለች በተባለበት ሁሉ ይሄዱ ነበር። አማቴ፣ ‘ማን ነገረዎት፣ እርግጠኛ ነዎት?’ ስትላቸው፣ ‘ምራቴ እንዳላዝን ብላ አይደለም አለችኝ፤ እኔም ያመንኩ መሰልኩላት፤ ልጅ ነበረች፣ ያንን ሸክም ምን ብዬ ላሸክማት’ አሉ።»

ልጅቷ እኔ ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። እኔም አልነገርኳትም።

ስንት ዓመት እየተያየን፣ እኔ እሳቸውን እሳቸው እኔን ስንጠብቅ፣ አንድ ቀን አብረን ቁጭ ብለን አላለቀስንም። ዕድሜያቸው ሲመሽ አንድ ጊዜ እንኳ ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። ያኔ ሐኪሙ ዘንድ ያደረሰኝ እግሬ ለእሳቸው ሲሆን ለምን እንደታሰረ አላውቅም። ባለፈው ወር የሙት ዓመታቸውን ስናወጣ ካህኑ ብዕርና ወረቀት ይዘው አብረው በጸሎት የሚታሰቡትን የቤተሰቡን ሙታን ስም ጠየቁን። የአባትየውን ሰጠን። «ልጆችስ ነበሯቸው?» አሉ። ደምሴ እኔን አየኝ፤ እሱ ሳይወለድ ነው የሞቱት። የሦስቱን ልጆች ስም አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።